ዩቪ ወይስ ኤሌክትሮድ? ከሆስፒታል ፍሳሽ የመድኃኒት ቅሪት ለማስወገድ የትኛው ይሻላል

የፍሳሽ ማጣሪያ የሚሸጡ ድርጅቶች ብሮሹር አንድ የጋራ ጠባይ አለው። ሁሉም “ከ95 በመቶ በላይ ያስወግዳል” ይላል። የትኛውን መድኃኒት? ከምን ዓይነት ውሃ? በስንት ኪሎዋት ሰዓት? እዚህ ላይ ጭጭ ነው። ሆስፒታሉ ግን የጨረታ ሰነድ ማዘጋጀት አለበት። ፋርማሲስቱ ስለ ፍሳሽ አያውቅም፣ መሐንዲሱ ስለ መድኃኒት አያውቅም፣ ፋይናንስ የሚያየው ዋጋውን ነው።

ይህን የምጽፈው እንዲህ ላለው ኮሚቴ ነው። የማወዳድረው ሁለት ዘዴዎችን ነው፦ በአልትራቫዮሌት (ዩቪ) ብርሃን ማከምና በኤሌክትሪክ፣ ማለትም በኤሌክትሮዶች ማከም። አቋሜን ቀድሜ ልናገር። ምርጫውን የሚወስነው ወደ መሣሪያው የሚገባው ውሃ ነው። ብዙ፣ ጥርት ያለና ቀጭን ውሃ ካላችሁ ዩቪ። ትንሽ፣ ጨዋማና ወፍራም ፍሳሽ ከሆነ ኤሌክትሮድ። ከመጸዳጃ ቤት በቀጥታ ለሚወርድ ጥሬ ፍሳሽ ሁለቱም አይሆኑም።

የምናሳድደው ምንድን ነው?

የምንውጠው መድኃኒት ሁሉ ሰውነት ውስጥ አያልቅም። ብዙው በሽንት፣ ቀሪው በዓይነ ምድር ይወጣል። ከዚያ በኋላ ዕጣ ፈንታው እንደ ጠባዩ ነው። ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን በደንብ በሚሠራ ባዮሎጂካል ማጣሪያ ውስጥ በባክቴሪያ ተበልተው ያልቃሉ። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ካርባማዜፒን ግን እንደገባ ይወጣል። ለወገብና ለመገጣጠሚያ ሕመም የምንወስደው ዳይክሎፌናክም በከፊል ያመልጣል።

በሆስፒታል ፍሳሽ ውስጥ በክብደት ብዙውን ድርሻ የሚይዘው ግን ሰው የማይጠረጥረው ነገር ነው። ለሲቲ ስካን ምስሉ ጎልቶ እንዲታይ በደም ሥር የሚሰጠው አዮዲን ያለበት ፈሳሽ፣ ኮንትራስት። ለአንድ ምርመራ ብቻ በአሥር ግራሞች የሚቆጠር ይሰጣል። ሰውነት ውስጥ ሳይለወጥ እንዲያልፍ ተብሎ ነው የተሠራው። እዚያ ያልተለወጠ ነገር ፍሳሽ ውስጥም በቀላሉ አይለወጥም። ሲቲ ስካን ያለው ሆስፒታልና የሌለው ሆስፒታል ለዚህ ጉዳይ ሁለት የተለያዩ ደንበኞች ናቸው።

ዩቪ፦ ጀርም መግደል ሌላ፣ መድኃኒት መስበር ሌላ

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል። “ዩቪ አለን እኮ!” ይባላል። ያለው ግን ጀርም የሚገድለው ነው። ለመጠጥ ውሃ በተለምዶ የሚሰጠው የዩቪ መጠን በስኩዌር ሴንቲሜትር 40 ሚሊጁል ገደማ ነው። ይህ የባክቴሪያን ዲኤንኤ ለመጉዳት ይበቃል። ለመድኃኒት ሞለኪውል ግን ምንም ማለት አይደለም። ኔዘርላንድስ ውስጥ አንዳይክ በተባለ ቦታ ያለው የመጠጥ ውሃ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ዩቪን ከሃይድሮጂን ፔሮክሳይድ ጋር አጣምሮ ይጠቀማል። ዓላማው ፀረ ተባይንና መሰል ኬሚካሎችንም መስበር ስለሆነ የተመረጠው መጠን 540 ሚሊጁል ነው። ያም ለመጠጥ ተብሎ ቀድሞ በተጣራ ውሃ ላይ ነው።

ብርሃኑ ብቻውን የሚሰብረው ብርሃኑን የሚውጥ ሞለኪውልን ብቻ ነው። ዝቅተኛ ግፊት ያለው የሜርኩሪ መብራት የሚያወጣው 254 ናኖሜትር ላይ ነው። ዳይክሎፌናክ ይህን ብርሃን ጥሩ አድርጎ ስለሚውጥ ቶሎ ይሰበራል። እንዲያውም ለፀሐይ ብርሃንም ይሸነፋል፤ ስዊዘርላንድ ውስጥ በግራይፈንዜ ሐይቅ የገባው ዳይክሎፌናክ አብዛኛው የጠፋው በፀሐይ እንደሆነ ታይቷል። የኮንትራስት ሞለኪውሎችም አዮዲናቸውን ለዩቪ ይለቃሉ። ካርባማዜፒን ግን ግድ አይሰጠውም። ለካንሰር የሚሰጠው ሳይክሎፎስፋማይድ ደግሞ 254 ላይ ብርሃን የሚውጥ ክፍል የለውም፤ መብራቱ ቢበራም ባይበራም ለእሱ ያው ነው።

ስለዚህ ፔሮክሳይድ ይጨመራል። ዩቪው ፔሮክሳይዱን ይሰነጥቅና ሃይድሮክሲል ራዲካል የሚባል ያገኘውን ሁሉ የሚያጠቃ ነገር ይፈጥራል። ካርባማዜፒንም ሳይክሎፎስፋማይድም ያኔ እጃቸውን ይሰጣሉ። ችግሩ ፔሮክሳይድ 254 ላይ ብርሃን የሚውጠው በጣም በትንሹ ነው። ከጨመራችሁት አብዛኛው ሳይነካ ይወጣል። አንዳይክ ላይ ከዩቪው በኋላ የካርቦን ማጣሪያ የተተከለው አንድም የተረፈውን ፔሮክሳይድ ለማጥፋት ነው። ወፈር ያለ ፔሮክሳይድ ማከማቸትም ጣጣ አለው። ሙቀት አይወድም፣ ቆሻሻ ከነካው ኦክስጅን እያወጣ ይፈላል፣ ቆዳ ያቃጥላል። መጋዘኑ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ሆስፒታል ይህን ቀድሞ ያስብበት።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ። ዩቪ የሚሠራው ብርሃኑ የደረሰበት ድረስ ነው። ይህን የሚለካው በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ ዩቪቲ የሚባለው ቁጥር ነው፦ 254 ናኖሜትር ብርሃን በአንድ ሴንቲሜትር ውሃ ውስጥ ሲያልፍ ስንት በመቶው ይተርፋል? በጥሩ ሁኔታ በባዮሎጂካል ዘዴ የተጣራ ፍሳሽ ከ60 እስከ 70 በመቶ ያሳልፋል። 65 በመቶ እንበልና አምስት ሴንቲሜትር ርቀት ላይ ስንት እንደሚደርስ እናስላ። 12 በመቶ ገደማ ነው። አሁን ደግሞ ውሃው 20 በመቶ ብቻ የሚያሳልፍ ድፍርስ ይሁን። እዚያው አምስት ሴንቲሜትር ላይ የሚደርሰው ከአሥር ሺህ ሦስት እጅ ነው። መብራቱ እየበራ ነው፣ ቆጣሪው እየቆጠረ ነው፣ ውሃው ግን ጨለማ ውስጥ እያለፈ ነው።

ይህ ለኢትዮጵያ ቀጥተኛ ትርጉም አለው። የሀዋሳው ሪፈራል ሆስፒታል ፍሳሹን የሚያክመው በተከታታይ በተሠሩ ገንዳዎች ነው፤ አሠራራቸውም ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2011 ታትሟል። ገንዳ ለአገሩ ሙቀትና ፀሐይ ተስማሚ፣ ርካሽ ዘዴ ነው። ነገር ግን ከገንዳ የሚወጣ ውሃ በአልጌ አረንጓዴ ነው። እዚያ መጨረሻ ላይ ዩቪ መትከል አልጌውን ማብራት ነው። መጀመሪያ አልጌውን የሚይዝ ማጣሪያ ያስፈልጋል፤ ያ ከሌለ ለዩቪ የተያዘው በጀት ለእሱ ቢውል ይሻላል።

ስለ ጥገናው ብዙ አልልም። መብራቱ የሚያገለግለው ከ8,000 እስከ 12,000 ሰዓት ነው፤ ሳይጠፋ ከቀጠለ ከአሥራ አንድ እስከ አሥራ ስድስት ወር ማለት ነው። ሜርኩሪ ስላለው አሮጌውን ከተራ ቆሻሻ ጋር መጣል አይቻልም። መብራቱን የሚሸፍነው የኳርትዝ ቱቦ ላይ ብረትና ካልሲየም ይጋገርበታል። በሲትሪክ አሲድ ካልታጠበ ብርሃኑ እዚያው ይቀራል።

ኤሌክትሮድ፦ ኬሚካል ሳይገዙ ኬሚካል ማምረት

ሁለት ሳህኖች ፍሳሹ ውስጥ ተነክረዋል፣ ኤሌክትሪክ ይለቀቅባቸዋል። አኖዱ (ፖዘቲቩ ሳህን) ላይ መድኃኒቱ ወይ በቀጥታ፣ ወይ እዚያው በሚፈጠር ሃይድሮክሲል ራዲካል፣ ወይም ከውሃው ጨው በሚመረት ክሎሪን ይቃጠላል። ፔሮክሳይድ አይገዛም። ውሃው ድፍርስ ቢሆንም ጥቁር ቢሆንም ለኤሌክትሪክ ግድ የለውም። ይህ ትልቅ ብልጫው ነው።

ኤሌክትሮድ ሁሉ ግን ኤሌክትሮድ አይደለም። በገበያው ላይ ሁለት ሠፈር አለ። አንደኛው በሩቴኒየምና በኢሪዲየም ኦክሳይድ የተለበጠ ቲታኒየም ነው። ክሎሪን ፋብሪካዎች የሚጠቀሙበት ነው፤ ረከስ ያለና ጠንካራ ነው። በዋናነት የሚያመርተው ክሎሪን ነው፤ በቀላል አማርኛ ከጨውና ከመብራት በረኪና ይሠራል። ሁለተኛው ቦሮን የተጨመረበት ሰው ሠራሽ አልማዝ ነው፤ ኒዮቢየም ወይም ሲሊከን ላይ በስሱ የተለበጠ። እሱ ራዲካሉን በብዛት ይፈጥራል፤ ካርባማዜፒንን፣ የካንሰር መድኃኒቶችን፣ ኮንትራስትን ሳይቀር ያቃጥላል። ዋጋውም እንደ ስሙ ነው። ሻጩ “ኤሌክትሮኬሚካል” ብሎ ብቻ ካለፈ የትኛው እንደሆነ በጽሑፍ አስመልሱት። ሁለቱ አንድ ጨረታ ላይ በዋጋ ብቻ ከተወዳደሩ አልማዙ ሁልጊዜ ይሸነፋል፤ ፍትሐዊ ውድድር ግን አይደለም።

ካቶዱን (ኔጋቲቩን ሳህን) ከሳምንታት በኋላ አውጥታችሁ ብታዩት ነጭ ቅርፊት ለብሶ ታገኙታላችሁ። ካልሲየም ካርቦኔትና ማግኒዥየም ሃይድሮክሳይድ ነው፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የምናውቀው ዝቃጭ ዘመድ። ቅርፊቱ ሲወፍር ያንኑ ኤሌክትሪክ ለማሳለፍ ቮልቴጁ እየጨመረ ይሄዳል፤ ሂሳቡም አብሮ ይወጣል። ፖላሪቲውን በየጊዜው የሚያገላብጥ መሣሪያ ወይም የአሲድ እጥበት ያስፈልጋል። ከካቶዱ የሚወጣው ሃይድሮጂን ጋዝም አለ። ዝግ ምድር ቤት ውስጥ ከተጠራቀመ የሚፈነዳ ነገር ነው፤ ማናፈሻ የግድ ነው።

ወደ ኤሌክትሪኩ እንምጣ። ባለሙያዎች ዘዴዎችን የሚያወዳድሩበት መለኪያ አለ፦ በአንድ ሜትር ኪዩብ ውሃ ውስጥ ያለን አንድ ብክለት ወደ አንድ አሥረኛው ለማውረድ ስንት ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል? እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ሰፊ ግምገማ ብዙ ጥናቶችን ሰብስቦ መካከለኛውን ዋጋ አውጥቷል። ዩቪ ከፔሮክሳይድ ጋር 0.75 ገደማ፣ ኤሌክትሮኬሚካል 38 ገደማ። ልዩነቱ ሃምሳ እጥፍ ነው። እርግጥ የኤሌክትሮኬሚካሉ አኃዝ በብዛት ከትንንሽ የላቦራቶሪ ሙከራ የመጣ ስለሆነ እንደ ቀኖና አትያዙት። አቅጣጫውን ግን ያሳያል።

በቀን 100 ሜትር ኪዩብ ፍሳሽ የሚያወጣ ሆስፒታል ብትወስዱ በዚህ ስሌት ዩቪው በቀን 75 ኪሎዋት ሰዓት፣ ኤሌክትሮዱ 3,800 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። መብራት ሲሄድ ይህን በጄኔሬተር ሊያስኬድ የሚያስብ ካለ ለነዳጁ ሌላ በጀት ይያዝ።

ታዲያ ኤሌክትሮድ ለምን ይወራል? ፍሳሹን ሁሉ ማከም ስለማያስፈልግ ነው። አንድ አዋቂ በቀን የሚሸናው አንድ ሊትር ተኩል ገደማ ነው። 40 አልጋ ያለው የካንሰር ዋርድ ሽንቱን ለይቶ ቢሰበስብ በቀን 60 ሊትር አካባቢ ነው። ሽንት ወፍራም ስለሆነ ፍጆታው ከፍ ይላል፤ ለአንድ ሜትር ኪዩብ 200 ኪሎዋት ሰዓት ቢጠይቅ እንኳ ለ60 ሊትር 12 ኪሎዋት ሰዓት ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ በጥቂት ሰዓት ከሚፈጀው ብዙም አይርቅም። ደግሞም ሽንት ጨዋማ ነው፤ ኤሌክትሪክ በቀላሉ ያሳልፋል። እዚህ ቦታ ላይ ኤሌክትሮድን የሚስተካከል ዩቪ የለም። ሽንት ራሱ የዩቪ ብርሃን ስለሚውጥ መብራቱ ከቱቦው አጠገብ አያልፍም።

ብሮሹሩ የማይነግራችሁ

ጨው ባለበት ውሃ ውስጥ ኤሌክትሪክ ክሎሪን ብቻ አያወጣም። ክሎሬትና ፐርክሎሬትም ይወጣሉ። አልማዝ አኖድ በተለይ በፐርክሎሬት ይታማል። ፐርክሎሬት የታይሮይድ እጢ አዮዲን እንዳይወስድ የሚያደርግ ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 0.07 ሚሊግራም ብቻ ነው፤ ለክሎሬት ደግሞ 0.7። ፍሳሽ አይጠጣም ትሉ ይሆናል። አቃቂ ወንዝ ዳር ጎመንና ሰላጣ በምን ውሃ እንደሚለማ ለሚያውቅ ግን ይህ መልስ አያሳርፍም። ክሎሪኑ ከፍሳሹ ቆሻሻ ጋር ተዋህዶ ክሎሪን ያዘሉ ሌሎች ኬሚካሎችንም ይፈጥራል። ኤሌክትሪኩ በበዛና ሰዓቱ በረዘመ ቁጥር ነገሩ ይብሳል። ስለዚህ “አጥብቆ ማከም” እዚህ ሁልጊዜ በጎ አይደለም።

ዩቪም ከዚህ ነፃ አይደለም። ካርባማዜፒን በራዲካል ሲሰበር አክሪዲን የሚባል ነገር ሊወጣ ይችላል፤ እሱ ደግሞ ከእናቱ የከፋ መርዝ ነው። “መድኃኒቱ ጠፋ” ማለት የመጀመሪያው ሞለኪውል ስሙን ቀየረ ማለት ሊሆን ይችላል። ለሁለቱም ከኋላ የአሸዋ ወይም የካርቦን ማጣሪያ ቢኖር ባክቴሪያ ፍርፋሪውን ይበላል። እኔ ያለዚህ አልገዛም።

ሁለቱን ማጣመርስ?

ሐሳቡ ቆንጆ ነው። ርካሹ ኤሌክትሮድ ከውሃው ጨው ክሎሪን ይሠራል፤ ቀጥሎ ያለው ዩቪ ክሎሪኑን ይሰነጥቅና ራዲካል ያወጣል። ፔሮክሳይድ መግዛት ቀረ፤ የተረፈውንም ክሎሪን ዩቪው ይቀንሰዋል። ከላይ ባልኩት የ2018 ግምገማ ዩቪ ከክሎሪን ጋር 0.4 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ነው፤ ከፔሮክሳይዱም ያንሳል። ይህ ቁጥር ግን ክሎሪኑን ለመሥራት የሚወጣውን ኤሌክትሪክ አይነግራችሁም።

መጥፎው ዜና አሞኒያ ነው። የሆስፒታል ፍሳሽ ሽንት ስላለበት አሞኒያ ሞልቶታል። አንድ ግራም የአሞኒያ ናይትሮጅን ከመወገዱ በፊት 7.6 ግራም ክሎሪን ይበላል። አሞኒያው በባዮሎጂካል ማጣሪያው ወደ ናይትሬት ካልተለወጠ ኤሌክትሮዱ ሌት ተቀን የሚሠራው ለአሞኒያው ነው፤ ለመድኃኒቱ የሚተርፈው የለም። ደረጃውን የጠበቀ ባዮሎጂካል ማጣሪያ ያለው ሆስፒታል ጥምሩን ይሞክር። ሴፕቲክ ታንክ ብቻ ያለው አይሞክር።

ኤሌክትሮ ፌንተን የሚባልም አለ፤ ብረት ይጨመራል፣ ውሃውም እስከ ፒኤች 3 ድረስ መኮምጠጥ አለበት። አኩምጥጦ ማከም፣ መልሶ ማለዘብ፣ የብረት ዝቃጭ መጣል። ለሆስፒታል አልመክርም።

ያልተጋበዘው ተወዳዳሪ

ዩቪና ኤሌክትሮድ ሲወዳደሩ ከጎን ቆሞ የሚያሸንፍ ሌላ አለ። ስዊዘርላንድ ባደን ከተማ ባለ ሆስፒታል ፍሳሹ በሜምብሬን ባዮሎጂካል ማጣሪያ ካለፈ በኋላ ሦስት ዘዴዎች ተሞክረው ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሟል። ኮንትራስትን ሳይጨምር ከቀረው የመድኃኒት ጭነት ዩቪ (240 ሚሊጁል ገደማ) አንድ ሦስተኛውን፣ ኦዞን 90 በመቶውን፣ የአክቲቬትድ ካርቦን ዱቄት (መድኃኒቱን ላዩ ላይ ይዞ የሚያስቀር ከሰል) 86 በመቶውን አስወገዱ። ስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የተመረጡ የከተማ ማጣሪያዎቿ ጥቃቅን ብክለትን 80 በመቶ እንዲያስወግዱ በሕግ ስታስገድድ ጣቢያዎቹ የያዙት መንገድም ኦዞንና ካርቦን ነው። ዴንማርክ ውስጥ የሄርሌቭ ሆስፒታል ማጣሪያ ሜምብሬን፣ ኦዞንና ካርቦን ይዞ ዩቪን መጨረሻ ላይ ያስቀመጠው ለጀርም ነው።

ካርቦን መብራት ሲሄድ አይቆምም። ፍርፋሪም አይፈጥርም። የሞላውን ካርቦን ማቃጠል ወይም ማደስ ግን ያስፈልጋል፤ እዚያ ላይ ነው ፈተናው። ኢንሲነሬተሩ በትክክል የማይሠራ ሆስፒታል መድኃኒቱን ከውሃ ወደ ከሰል አዛወረ እንጂ አላጠፋም።

እኔ ብሆን

ጥሬ ፍሳሽ ወይም ሴፕቲክ ታንክ ብቻ ካለኝ ከሁለቱ አንዱንም አልገዛም። ገንዘቡን አሞኒያ ድረስ ለሚያነሳ ባዮሎጂካል ማጣሪያ አደርገዋለሁ፤ ከመድኃኒቶቹም ብዙዎቹ እዚያው ያልቃሉ።

ጥሩ ማጣሪያ ካለኝ፣ ዩቪቲው ከ60 በላይ ከሆነና የሞላውን ካርቦን የማስወግድበት ከሌለኝ ዩቪ ከፔሮክሳይድ ጋር። ገንዳ ካለኝ ፀሐዩን እጠቀማለሁ፤ መብራት አልገዛም።

የካንሰር ዋርድ ካለኝ ሽንት የሚለይ መጸዳጃና ትንሽ የአልማዝ ኤሌክትሮድ። ፐርክሎሬት በየወሩ እንዲለካ ውሉ ላይ አስገባለሁ። ለሲቲ ስካን ደግሞ ከመሣሪያ በፊት ሌላ መፍትሔ አለ። ጀርመን ውስጥ በሩር አካባቢ ኮንትራስት የወሰዱ ታካሚዎች የሽንት ከረጢት ተሰጥቷቸው ቤታቸው በከረጢቱ እንዲሸኑና ከደረቅ ቆሻሻ ጋር እንዲጥሉት ተሞክሯል። ኩላሊቱ ጤነኛ የሆነ ሰው ኮንትራስቱን በአንድ ቀን ውስጥ አውጥቶ ስለሚጨርስ ጥቂት ከረጢት ይበቃል። ከረጢቱ የሚቃጠልበት ቦታ ግን መኖር አለበት።

ውል ከመፈረማችሁ በፊት ሻጩ በእናንተው ውሃ ላይ ቢያንስ ለጥቂት ሳምንታት ይሞክር። ናሙናው ሃያ አራት ሰዓት የተጠራቀመ ይሁን፤ የጠዋት አንድ ጠርሙስ አይበቃም፣ ሲቲ ስካኑ ከሰዓት በኋላ ሊሠራ ይችላል። ካርባማዜፒን፣ ዳይክሎፌናክና አንድ የኮንትራስት ዓይነት በላቦራቶሪ ይለኩ፤ የመጀመሪያው እምቢተኛ፣ ሁለተኛው ገር፣ ሦስተኛው ብዙ ነው። ዳይክሎፌናክን ብቻ ለክቶ የሚያሳይ ሻጭ ቀላሉን መርጦ ነው።

ለየዕለቱ ክትትል ውድ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ስፔክትሮፎቶሜትር ካለ ውሃው ከመሣሪያው በፊትና በኋላ 254 ናኖሜትር ላይ ምን ያህል ብርሃን እንደሚውጥ ይለካ። ልዩነቱ ከለመዳችሁት እየጠበበ ከመጣ ወይ መብራቱ ደክሟል፣ ወይ ኤሌክትሮዱ ቅርፊት ይዟል፣ ወይ ከላይ ያለው ማጣሪያ ተበላሽቷል። ናሙናው የሚለካበት ትንሽ ዕቃ (ኪዩቬት) የኳርትዝ ይሁን፤ ተራ ብርጭቆ 254 ላይ ብርሃኑን ራሱ ይውጠዋል።